አባቷን የሚያውቅ ምስክር

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ጠንቃቃ ስለነበረ ነው። ዝርክርክ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

መካነ ሰላም ውስጥ እሱን የማያውቅ የለም። ዝናብ ኖረም አልኖረም ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ነው የሚሄደው። ብዕሩን ወረቀት ላይ ከማሳረፉ በፊት በመሐረብ ይጠርጋል። ሰው ሲያናግረው ቀና አይልም። ሚስዮኖቹ ባልና ሚስት የመኖሪያ ፈቃድ ሊያወጡ እሱ ፊት ሲቀርቡ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ደሴ ስማር ትምህርት ቤታችን በአድማ ሲዘጋ ወደ አገሬ ተመልሼ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ጠፍቶ፣ እነሱ ቀጠሩኝ። የቄስ ሴት ልጅ ሆኜ ለሚስዮን ማደሬ ለአባቴ ምን እንደነበረ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሚስትየዋ ነርስ ናት፤ ሲስተር ነው የምንላት። ሰውዬው «ስም?» አላት፤ ነገረችው። «ያባት ስም?» አላት። እሷም የተጠየቀችውን መለሰች፤ የወለዳትን ሰው ስም። ሰውዬው ጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት፣ አለቀ። በእኛ አገር ሴት አገባችም ፈታችም ያባቷ ልጅ ናት፤ ባል ይመጣል ይሄዳል፣ አባት አይለወጥም። በእነሱ አገር ሴት ስታገባ ያባቷን ስም ጥላ የባሏን እንደምትይዝ ያኔ እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ። ፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው የባሏ ነበር። ፓስፖርቱ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ሰውዬው ፎቶግራፏን ብቻ አየና መለሰላት። በዚህ ዓይነት አንዷ ሴት ሁለት ሆና ከቢሮ ወጣች። ማናችንም አላስተዋልን።

ለጊዜው የጎዳን ነገርም አልነበረም። ከዚያ ግን ክፉው ዓመት መጣ።

ሰው ከበሽሎ ቆላ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ከብቱን እየነዳ፣ ቀጥሎ ከብቱን ሸጦ፣ በመጨረሻ ልጁን አዝሎ ብቻ። ባልና ሚስቱ ከክሊኒኩ ጀርባ በቆርቆሮ ጣሪያ መጠለያ ሠርተው ለሕፃናት የዱቄት ወተት ማጠጣት ጀመሩ። ታላቅ እህቴም ከነዚያ ጋር መጣች። ቆላ ነበር የተዳረችው። ባሏ «ሥራ ልፈልግ» ብሎ ከሄደ ወዲያ ወሬው ጠፍቷል። የያዘቻት ልጅ ድክ ድክ ማለት ጀምራ የነበረች ናት፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ ግን መቆም ትታ እንደገና መቀመጥ ጀምራለች። ልጅ ወደ ኋላ ሲያድግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ወተቱና ዱቄቱ በከባድ መኪና እስከ ወረኢሉ ይመጣል። ከወረኢሉ ወዲህ ያለውን ጭቃ የሚደፍረው የሚስዮኖቹ ጂፕ ብቻ ነው። በአህያ አስመጡ የሚለን ሰው ነበር፤ የትኛው አህያ? የተረፉት አህዮች ራሳቸው ተሸካሚ የሚፈልጉ ነበሩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ባልየው ታመመ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ምግብ ጠላ፣ ወደ አገሩ ወሰዱት። ሲሄድ «መኪናዋን ባለቤቴ ትንዳ፣ ቦሎዋንም ታሳድስ» ብሎ ውክልና ፈርሞ ሰጣት። ሊብሬው በእሱ ስም ነበረና። ሲስተር እንደሆነች እንኳን ጂፕ አውሮፕላንም የምትፈራ አልነበረችም። ወተት ልናመጣ ወደ ወረኢሉ አብረን ወጣን።

ኬላው ላይ አስቆሙን። ቦሎው ጊዜው አልፎበታል። ይኼ ብቻ ቢሆን በልመና ያልፍ ነበር። ፖሊሱ ሊብሬውንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያይ ጀመር፤ ፈረንጅ ፊደል ማንበብ የሚችል ፖሊስ የደረሰን የእኛ ዕድል ነው።

«ይኼ ሰውዬ ምኗ ነው?» አለኝ።

«ባሏ ነው ጌታዬ።»

«ወንድሟ ነው እንጂ። ያባታቸው ስም አንድ ነው።»

«እነሱ ዘንድ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ነው የምትይዘው።»

«ያባቷን ጥላ? አባቷ ምን በደላት?» አለና በሩ ላይ የቆሙትን አሳቀ። «በይ የመኖሪያ ፈቃዷን ወዲህ በይ።»

ሰጠሁት። እዚያ ላይ ደግሞ ሌላ አባት። ፖሊሱ ወረቀቶቹን ዘርግቶ ለጓደኛው አሳየው።

«አጃኢብ! አባት ያጣ ሰው ሞልቶ ሁለት አባት ያላት ሴት መጣችልህ።»

ሲስተር በዚያች ስብርባሪ አማርኛዋ «ባሌ ታመመ፣ ልጆች ርቦታል፣ እባክህ» አለችው። ያ ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። ራሱን ነቀነቀላት። ነቅንቆ ሲያበቃ መፍቻውን አወጣና ታርጋውን ከፊትም ከኋላም ፈታ። «ወረቀታችሁ አንድ ሴት ሲሆን መጥታችሁ ትወስዳላችሁ» አለ። ታርጋዎቹን ከኬላው ጀርባ፣ የሌሎች ሰዎች ታርጋ የተንጠለጠለበት ሽቦ ላይ ሰቀላቸው። እኛ ባዶ መኪና ይዘን ተመለስን።

በማግስቱ ጠዋት ባለ ጃንጥላው ሰውዬ ዘንድ ሄድን። ችግሩን ዘርዝሬ ነገርኩት። ጥፋት መሥራቱን ይቀበላል ብዬ ከሆነ ሞኟ እኔ ነኝ።

«እኔ የጠየቅሁት ያባት ስም ነው» አለ። «የተሰጠኝም ያባት ስም ነው። የተሳሳተው ፓስፖርቱ ነው።»

«ታዲያ ፓስፖርቱን እናርመው?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ። ያባትሽን ወንጌል እንጂ ያባትሽን ትዕግሥት አልወረስሽም።» ብዕሩን ጠረገ። «ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን የሚመሰክሩ፣ አባቷንም ከነስሙ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ይቀርባሉ። አንደኛው ካህን ይሁን። ፈቃዱ ይታረማል፣ በታረመው ፈቃድ ቦሎው ይታደሳል፣ ታርጋው ይመለሳል። አብሽሪ።»

«አባቷ ባሕር ማዶ ናቸው። መካነ ሰላም ውስጥ አባቷን ማን ያውቃል?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ያን ክረምት የሰማሁትን ያህል በዕድሜዬ አልሰማሁትም።

ሁለቱ ምስክሮች እዚያው ተገኙ። ቢሮው በር ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ፣ ለማንም ለምንም የሚመሰክሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። እንደ ጥማድ በሬ አንዱ ከሌላው አይለይም።

«ማንን ነው የምናውቀው?» አሉኝ።

«የፈረንጇን አባት።»

«እናውቃቸዋለን!» አለ አንደኛው፣ ገና ሳልጨርስ። «አባቷን ብቻ? አያቷንም።»

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው ብሎ ቢጠይቃችሁስ?»

ተያዩ። «ቀይ ናቸው» አለ አንዱ። «ረጅም ቀይ ሰው።»

«ወላሂ ረጅም ናቸው» አለ ሁለተኛው፤ ክርስቲያን ነው እኮ። ገብተው እንደዚያው ማሉ። ሰውዬው ቀና ሳይል ጻፈ።

የቀረው ካህኑ ነበር። የከተማው ካህናት ለሚስዮን ምስክርነት ብዬ ስጠይቃቸው ያማትቡብኝ ጀመር። ፀረ ማርያም ናቸው ለተባሉ ሰዎች መስቀል የጨበጠ እጅ ሊያነሡ! ስለዚህ አባቴ ብቻ ቀረ። አባቴም ቢሆን ሚስዮኖቹን አይወድም። እነሱ ዘንድ ሥራ ስይዝ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «እዚያ የበላሽበትን እጅ ታጥበሽ ግቢ።» ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ እየታጠብኩ ገባሁ። የልጅ ልጁ የእነሱን ወተት መጠጣት ስትጀምር ግን ስለ መታጠብ ማንሣት ተወ።

ማታ ራት ላይ ነገርኩት። ራት ካላችሁት፤ ጓያ ነበር። አዳመጠኝና «እሷን አውቃታለሁ» አለ። «አባቷን አላውቅም። ያላየሁትን ሰው አየሁ ብዬ ወንጌል ልጨብጥ?»

«የሚያውቁትን ይንገሩለት በቃ።»

ሄደ። ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ከባለ ጃንጥላው ሰውዬ ፊት ቆመ።

«አባ፣ አባቷን ያውቃሉ?»

«ልጄ፣ ይህች ሴት የልጄን ልጅ አፍ በገዛ ቀሚሷ ስትጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ። አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይኼ አይነግርህም?»

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ክፋት ብቻ ነበረበት ብል እዋሻለሁ። «ለእኔ ይነግረኛል አባ» አለ። «ለወረቀቱ ግን አይነግረውም።»

ወጣን። ቁልቁለቱን ስንወርድ እኔ መቻል አቃተኝ።

«እነዚያ ሁለቱ እኮ ባንዲት ቃል ገላገሉን!»

«እነሱ ነገ መቅደስ አይገቡም።»

«ሕፃኗስ? እሷ ነገ የት ነው የምትገባው?»

መቋሚያውን ጭቃ ላይ ተክሎ ቆመ። ሰው ያልፋል፣ መስቀል ይሳለማል፤ እሱ ያሳልማል፤ እኔን ግን አላየኝም።

መጠለያው ውስጥ ወተቱ እየቀጠነ ሄደ። ሲስተር ውኃ ስትጨምርበት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ያበጡት ልጆች ተኝተው አያለቅሱም፤ የሚያለቅስ ልጅ ሲገኝ እኛ ደስ ይለን ነበር። የእህቴ ልጅ ፀጉር እንደ በቆሎ ጭራ ቀላ፤ እህቴ ልታበጥርላት ስትል እጇ ላይ ቀረ። እህቴ ፀጉሩን ጨብጣ ወደ አባቴ ቤት መጣችና መዳፏን ከፍታ አሳየችው።

አባቴ ተነሣ። «ነይ እንሂድ» አለኝ። ወንጌሉን ከነማኅደሩ ከግድግዳው አውርዶ ብብቱ ሥር አደረገ።

ቢሮው ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰውዬው ገና ሳይጠይቀው አባቴ መጽሐፉን ጨበጠና «አውቀዋለሁ» አለ። «የዚህችን ሴት አባት አውቀዋለሁ። ስሙም ወረቀትህ ላይ ያለው ነው።» ባለ ጃንጥላው ሰውዬ ቀና ብሎ አየው። ሰውን ዓይን ለዓይን ሲያይ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። አልጠየቀውም። ረጅም ይሁኑ ቀይ ይሁኑ አላለም። ጻፈ።

አባቴ ወጥቶ ከበሩ አጠገብ ካለው እንስራ ውኃ ለመነ። ተጉመጠመጠና ተፋው። ደግሞ ተጉመጠመጠ። ወንጌሉን በቀኝ እጁ አልያዘውም፤ እኔ እንድይዝለት ሰጠኝ።

«እንግዲህ ማኅተሙን» አልኩት ሰውዬውን።

«ማኅተሙ አውራጃ ገዥው መሳቢያ ውስጥ ነው። ገዥው ለስብሰባ ደሴ ተጠርተዋል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«አብሽሪ።»

አልተመለሱም። የዚያን ሰሞን ደሴ ለስብሰባ የተጠራ ሹም ሁሉ ስብሰባው እስር ቤት ሆኖ ቀርቷል። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ፣ እሳቸው እስር ቤት ውስጥ። በየቀኑ እየሄድኩ እጮህ ጀመር። «ስበሩት!» አልኩት። «መሳቢያ እኮ ነው፣ እንጨት ነው፣ እኔ እሰብርላችኋለሁ!»

«የመንግሥት መሳቢያ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በየትኛው መንግሥት ፈቃድ?»

እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሬዲዮው ጠዋት አንድ ነገር ይላል፣ ማታ ሌላ።

ሲስተር ታርጋ የሌላትን መኪና አስነሥታ ልትሄድ ሞከረች። የኬላው ዘቦች አሁን ወታደር ተጨምሮላቸው ነበር፤ ጠመንጃ ደግነው መለሷት። ስትመለስ ሞተሩን ሳታጠፋ መሪው ላይ ተደፍታ ቀረች። እኔ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩት፤ ነዳጅ እንዳያልቅ። ለምኑ እንደሆነ እንጃ።

ልጅቱ ጳጉሜ ውስጥ ሞተች። አላለቀሰችም፣ አልተንፈራገጠችም። እህቴ የተኛች መስሏት አዝላት ስትዞር ነው ሌላ ሴት አይታ «እባክሽ አውርጃት» ያለቻት። ፍትሐቱን ሌላ ቄስ አደረሰ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋንዛው ሥር ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ኀዘን ያደከመው መሰለው። እኔ ግን አወቅሁ። ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ የተሰጠው ቀኖና ያልቃል፤ እሱ ግን «በሐሰት የማለ እጅ ሥጋ ወደሙን አይነካም» ብሎ ራሱ ላይ የጨመረው አያልቅም።

ንጉሡ ወረዱ የተባለው አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። ከተማው ውስጥ ጨፈሩ። እኔም ጨፍሬያለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? አሁን መሳቢያው ይከፈታል ብዬ ነበር። መጠለያው ውስጥ ገና ያልሞቱ ልጆች ነበሩ።

መሳቢያው ተከፈተ። ከደሴ የመጣ ወጣት ሹም፣ ካኪ የለበሰ፣ ገዥው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ባለ ጃንጥላው ሰውዬ በዚያው ጠረጴዛው ብዕሩን ይጠርጋል። ወጣቱ ፋይላችንን አገላበጠ።

«ይኼ በአሮጌው አስተዳደር የተጀመረ ጉዳይ ነው። ማኅተሙም ተሽሯል። እንደ አዲስ ይጀመራል።»

«ምስክሮቹስ? አባቴስ?»

«እንደ አዲስ።» ገጹን ገለጠ። «ደግሞ ፈቃዷ ካለፈ ሰንብቷል። ፈቃድ የሌላት የውጭ አገር ሰው እዚህ ልትቀመጥ አትችልም። ወደ አዲስ አበባ ትሂድና እዚያ ታመልክት። መኪናዋ ትቆይ፣ ባለቤቷ አልታወቀም።»

ከባለ ጃንጥላው ሰውዬ ጋር ተያየን። አብሽሪ አላለኝም። እሱንም እንኳ ተወው።

ሲስተርን የወታደር መኪና ሊወስዳት በመጣበት ቀን አባቴ ሚስዮኑ ግቢ ገባ፤ ከዚያ በፊት እግሩ ረግጦት አያውቅም። እሷ ትንሿ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ከፊቷ፣ ጎማዋ የተነፈሰው መኪና ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ያባትሽን ነገር ንገሪኝ» አላት።

እኔን አየችኝ። ተረጎምኩላት፤ ሰምታው ነበር ግን። «አባቴ ሞቷል» አለች በአማርኛ። «እኔ እዚህ ሳለ። አልቀበርኩትም።»

«ነፍስ ይማር። ምን ነበር ሥራው?»

«ገበሬ። ላም፣ ድንች፣ ገብስ።»

«ገብስ?» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ እንደሚያረጋግጥ። «ገብስ ይዘራል። ረጅም ነው?»

«አይደለም። አጭር ነው። በጣም አጭር።»

ሳቅ አመለጠኝ። እነዚያ ሁለቱ ረጅም ናቸው ብለው ነበርና የማሉት። ሲስተርም ሳቀች፣ ለምን እንደሳቅሁ ሳታውቅ። አባቴ አልሳቀም። አንድ ጆሮው እንደማይሰማ፣ ላሞቹን በስም እንደሚጠራ፣ ሲቆጣ እንደማይናገር፣ እሷ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ በር ድረስ እንዳልሸኛት ነገረችው። እሱ ሁሉን አንድ በአንድ እየደገመ ያዘው። ወታደሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ተቀምጠው ነበር። ስትነሣ መስቀሉን አላሳለማትም፤ እሷም አልጠበቀችም። እጇን ጨበጣት።

ከዚያ በኋላ አባቷን አውቆታል ማለት ነው? እኔ አውቆታል ባይ ነኝ። ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፦ «አሁንማ ያውቁታል አባ፣ ይግቡ።» እሱ «ስምል አላውቀውም ነበር» ይለኛል። እስከ ዛሬ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ከደጀ ሰላሙ በር ነው። ሙታንን ሲያስብ በመካከል አፉ ላይ የማይገባ አንድ የፈረንጅ ስም እየተንተባተበ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። ከልጅቱ ስም ቀጥሎ ነው የሚጠራው።

አባቴን ይማሉ ብዬ በማስጨነቄ የሚወቅሰኝ ዘመድ አለ። ይውቀሰኝ። ዛሬም ቢሆን እለዋለሁ፤ ብቻ ቶሎ እለዋለሁ።

መንገዱ ሲደርቅ እኔም ከዚያ አገር ለቅቄ ለመውጣት የእህል መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ኬላው ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ከቤቱ ጀርባ ሽቦው ላይ ታርጋዎቹ በንፋስ ይንቋቋሉ፤ የእኛዋን በጭቃዋ ለየኋት።

«ስም?» አለኝ ዘቡ።

ነገርኩት።

«ያባት ስም?»

ነገርኩት። ምስክር አልጠየቀኝም።

«እለፊ» አለኝ።